ከሌሊት ፈረቃ እንድነሣ ከጠየቅሁ ወዲህ በሥራ ቦታዬ የገጠመኝ ጠብ

ጠያቂ፦ ከቦርከና ማዶ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት መሥራት ከጀመርሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሚጥል በሽታ የጀመረኝ በ17 ዓመቴ ሲሆን፣ ደሴ እየተመላለስሁ በማደርገው የሕክምና ክትትል ፌኖባርቢታል የተባለውን መድኃኒት በየምሽቱ እወስዳለሁ። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ በወሰድሁባቸውና በቂ እንቅልፍ ባገኘሁባቸው ጊዜያት ሕመሙ ከዓመት በላይ ሳይነሣብኝ ቆይቶ ያውቃል፤ በዚህም ምክንያት ስቀጠር ስለ ጤንነቴ ለማንም አልተናገርሁም፣ የጠየቀኝም አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው ፋብሪካው ሦስተኛውን ፈረቃ ከፍቶ፣ እያንዳንዳችን በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሳምንት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድንሠራ ሲታዘዝ ነው። በሁለተኛው የሌሊት ሳምንቴ፣ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በመፈተሻው ጠረጴዛ አጠገብ ወደቅሁ። ስነቃ ፊቴ ላይ ውሃ ተደፍቶ፣ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ተጭሮ ከንፈሬ ቆስሎ ነበር፤ ጥርሴን ለማላቀቅ ማንኪያ ያስገባ ሰውም ስለነበረ አንዱ ጥርሴ ተሸርፏል። ይህን ያደረጉት ሊረዱኝ ብለው መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚህ ማንንም አልተቀየምሁም።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ ጠርቶ «ከእንግዲህ ሌሊት አትግቢ፣ እኔ አመቻችልሻለሁ» አለኝ። ቃሉንም ጠብቆ ለአራት ወራት ያህል ቀንና ምሽት ብቻ መደበኝ። ነገር ግን ውሳኔውን በጽሑፍ አላሰፈረውም፤ ለሌሎቹም ምክንያቱን አላስረዳም። በፋብሪካው አራት የስፌት መስመሮች ሲኖሩ በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ጥራት ተቆጣጣሪዎች አለን፤ የእኔ የሌሊት ተራም በእኔው መስመር ባሉት ሁለት ሴቶች ላይ ተደረበ። አንደኛዋ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አላት። መጀመሪያ ነገሩ ማጉረምረም ብቻ ነበር፤ እያደር ግን «ከአለቃው ጋር ምን ቢኖራት ነው ሌሊት የማትገባው?» የሚል ሐሜት ተነሣ። ሌሊቱን የወደቅሁበትን ያዩት ደግሞ ሕመሙ በአረፋው ይተላለፋል ብለው በምሳ ክፍል የምጠጣበትን ኩባያ ለዩት። አንድ ቀን ለመቀመጥ ስጠጋ ከጠረጴዛው ሦስት ሰዎች ሲነሡ አይቼ ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ብቻዬን ነው የምበላው።

ከአንድ ወር በፊት ሱፐርቫይዘሩ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር አዲሱ ኃላፊ «ነፃ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» ብሎ ወደ ሌሊት ፈረቃ መለሰኝ። ሁለት ሌሊት ስቀር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ለክትትል ደሴ የሄድሁበት አንድ ቀንም እንደ ቀሪ ተቆጥሮብኛል። አቤት ስል የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉ «ሥራው የማይስማማሽ ከሆነ መልቀቂያ ጽፈሽ በሰላም እንለያይ» አለኝ። ደመወዜ እናቴንና ታናሽ ወንድሜን የማስተዳድርበት ነው። መብቴ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ሴቶች ጋር እንዴት ልታረቅ እንደምችል፣ እንዲሁም ሕመሜን ለሁሉም መናገር ይገባኝ እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ የመዝገብ ቤት ሰው

እህቴ፣ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ለ14 ዓመታት ሠርቼ አሁን ደሴ የምኖር ሰው ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምልሽ መልቀቂያ እንዳትጽፊ ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ ኋላ ተገድጄ ነው ቢል ማስረዳቱ ይከብደዋል፤ አሠሪው ካሰናበተሽ ግን ምክንያቱ ሕጋዊ መሆኑን ማስረዳት የእርሱ ፋንታ ይሆናል። «በሰላም እንለያይ» የሚለውን ቃል እኔም በሥራ ዘመኔ ለስንት ሰው እንዳልሁት ሳስብ ይቆጨኛል። ብዙ ጊዜ የምንለው ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት ስናጣ ነበርና።

ስለ ማስጠንቀቂያው አትደናገጪ፣ ዝም ብለሽም አትለፊው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛን በመቅረት ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት ቀናት ሲቀርና ስለዚሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው ነው፤ ያም ቢሆን ቀሪ የሆነበት ቀን በአዋጁ ከተፈቀዱት የፈቃድ ዓይነቶች በአንዱ የሚሸፈን ከሆነ አይቆጠርም። ከእነዚህ አንዱ የሕመም ፈቃድ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሕመሙ ከሥራ የመጣ ባይሆን እንኳ በ12 ወራት ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ከአንቺ የሚጠበቀው አሠሪው ቀድሞ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር በማግስቱ ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። ስለዚህ ደሴ ለክትትል በሄድሽበት ቀን ሁሉ ሐኪሙ የዕለቱን ማስረጃ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ ያለፈውንም ቢሆን ካርድሽ ላይ የሰፈረ ቀን ስለሚኖር ማስመስከር ይቻላል።

ዋናው ጉዳይ ግን የፈረቃው ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ሠራተኛው ሥራውን እንዲያከናውን የሚያስችል ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። «እኔ አካል ጉዳተኛ ነኝን?» ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። አዋጁ ትርጉሙን ሲሰጥ እጅና እግርን ብቻ አልጠቀሰም፤ በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋሳት ጉዳት ላይ ማኅበረሰቡ የሚያደርሰው መድልዎ ተጨምሮበት በሥራ እኩል ዕድል ያጣውን ሰው ነው የሚለው። ኩባያዋ የተለየባትና ሰው ከማዕድ የተነሣባት ሠራተኛ ከዚህ ትርጉም ውጪ ናት ብሎ መከራከር ለማንም አሠሪ ቀላል አይመስለኝም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳት ያለባቸውን ይጨምራል፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከልንም ራሱን እንደ መድልዎ ይቆጥረዋል። በአዋጅ 568 ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ በጉዳቱ ምክንያት መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ክስ የሚያቀርብ ሠራተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ መድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። ክሱንም አንቺ ብቻ ሳትሆኚ የሠራተኛ ማኅበርሽ ወይም አባል የሆንሽበት የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሊያቀርበው ይችላል።

ያም ሆኖ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ በር አይደለም። የመጀመሪያው ሱፐርቫይዘር ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን መብትሽን እንደ ውለታ አድርጎ በቃል ስለ ሰጠሽ እርሱ ሲሄድ መብቱም አብሮት ሄደ። አሁን ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጊው። ለሰው ኃይል አስተዳደር የተጻፈ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ ግልባጭ የተደረገ፣ የሐኪም ማስረጃ የተያያዘበት ደብዳቤ አስገቢና በራስሽ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ሳታስደርጊ ከመዝገብ ቤቱ አትውጪ። አልቀበልም ካሉሽ ሁለት የሥራ ባልደረባ ባለበት አስረክቢ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው። አቤቱታ ማቅረብሽ በራሱ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጅ 1156 በግልጽ ይናገራል። አያምጣውና ብትሰናበቺ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ፣ የሠራተኛ ክስም የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅበት ያዢልኝ።

መልስ 2፦ ከሸዋ በር

ነርስ ነኝ፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ክትትል ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። የእንቅልፍ ማጣት ይህን ሕመም ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በሌሊት ፈረቃ ላይ ደግሞ አደጋው በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛ፣ ቀን መተኛት የሌሊቱን እንቅልፍ ያህል አይሆንም፤ በተለይ በቆርቆሮ ቤት፣ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ። ሁለተኛ፣ ፌኖባርቢታል እንቅልፍ የሚያመጣ ስለሆነ በመኝታ ሰዓት እንዲወሰድ ነው የምናዝዘው፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ግን እንዳላንቀላፋ ብሎ ሰዓቱን ይገፋዋል ወይም ይዘልለዋል። እህቴ፣ በዚያች ሳምንት መድኃኒትሽን ሳትዘልዪ እንዳልቀረሽ እገምታለሁ። ይህን ለመውቀስ አላነሣሁትም፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉና ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው። በረመዳን ወራት የምንከታተላቸው ታካሚዎችም ተመሳሳይ ችግር ስለሚገጥማቸው፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ልማድ ሊሆን ይገባል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ተከታታይና የማያባራ መጣልን ሊያስከትል ይችላልና።

የሐኪሙን ማስረጃ በተመለከተ፣ «ታማለች፣ እረፍት ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት አይጠቅምሽም። የሚጠቅምሽ «ከሌሊት ሥራ ነፃ ብትሆን ሥራዋን በሙሉ አቅሟ መሥራት ትችላለች» የሚለው ነው፤ የመጀመሪያው አቅም እንደሌለሽ ሲያስቆጥርብሽ ሁለተኛው የጎደለው ምን እንደሆነ ለይቶ ያሳያል። መፈተሻ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ለአንቺ ከማንም በላይ አደገኛ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ከጨርቅ መቁረጫው ማሽን፣ ከእንፋሎት ቦይለሩና ከመሰላል መራቅ እንዳለብሽም ይጻፍልሽ።

ለባልደረቦችሽ ይድረስልኝ፦ ይህ ሕመም በአረፋ፣ በትንፋሽ፣ በኩባያ ወይም በአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም። የአንጎል ሕዋሳት የኤሌክትሪክ መልእክት ለጊዜው ሲዛባ የሚመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም በአግባቡ ከታከሙት መካከል እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት አይጫር፣ ውሃ አይደፋ፣ በአፉ ውስጥ ምንም አይግባ፣ በኃይልም አይያዝ። ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ የሚጎዳውን ዕቃ ማራቅ፣ ሰዓት መመልከት፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም ደግሞ በጎኑ ማስተኛት በቂ ነው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደጋገመው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የተሸረፈው ጥርስሽ እጅግ አሳዝኖኛል።

መልስ 3፦ ከምርኩዝ ጋር

በልጅነቴ በፖሊዮ የተጎዳ እግሬን በደሴው የአካል ተሃድሶ ማዕከል በተሠራልኝ ድጋፍ ይዤ የምሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከላይ የተጻፈው የሕጉ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤው አለቃን እንጂ ባልደረባን አያስታርቅም። የእኔ ጉዳት በዓይን የሚታይ ስለሆነ ማንም «ምን ሆነህ ነው?» አይለኝም፤ ያም ሆኖ ቢሮዬ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ሲወርድልኝ ክፍሉን የለቀቀልኝ ባልደረባዬ ለአንድ ዓመት ያህል ሰላምታ ነፈገኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ያስቆጣው ክፍሉን መልቀቁ አልነበረም፤ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ጠዋት ዕቃው በኮሪደር ተቆልሎ ማግኘቱ ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ሄጄ ላናግረው ሲገባኝ መብቴ ነው ብዬ አንገቴን አቅንቼ አለፍሁት። ነገሩ የበረደው እናቱ ሞተው ለቅሶ ልደርሰው በሄድሁበት ቀን ነው።

ስለዚህ ሕፃን ያላትን ሴት ራስሽ ሂጂና አናግሪያት እላለሁ። ሐሜቱን አታንሺባት፤ «ሌሊትሽን የወሰድሁብሽ እኔ ነኝ፣ ሳልነግርሽ መቅረቴ ጥፋቴ ነው» በያት። ለሁሉም ሠራተኛ ሕመምሽን የመናገር ዕዳ ግን የለብሽም። አንዳንዶች በግልጽ መናገር ሁሉን ያቃልላል ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። በእኛ አገር ይህን ሕመም የጅኒ ልክፍት ነው የሚል፣ ነገ የጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ወሬውን ቀድሞ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም። በዚያ ሌሊት ያዩሽ አይተዋል፤ የቀሩት ግን የሚያውቁት አንቺ ስትፈቅጂ ብቻ ይሁን።

መልስ 4፦ የቀድሞ ሱፐርቫይዘር

የሌሎቹን ምክር ከልቤ እደግፋለሁ፤ እኔ ግን ፈረቃ ስደለድል የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ጠቡ የተወለደበትን ቦታ ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ብዙ ሰው በፈረቃ የሚያድርባት ከተማ ናት፤ በፈረቃ ሠራተኛ ዘንድ ደግሞ የሌሊት ተራ እንደ ደመወዝ በጥንቃቄ የሚቆጠር ነገር ነው።

ጠያቂዋ እንዳለችው በአራት መስመሮች 12 ጥራት ተቆጣጣሪዎች ካሉ በየሳምንቱ አራት ሰው ሌሊት ይገባል፤ በ33 ሳምንታት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው 11 የሌሊት ሳምንት ይደርሰዋል። ሱፐርቫይዘሩ የእርሷን ተራ በመስመሯ ባሉት ሁለቱ ላይ ብቻ ሲጥለው የእነርሱ ድርሻ ከ11 ወደ 16 እና 17 ሳምንት አደገ። ማንም ቢሆን ያጉረመርማል፤ ሕፃን ያላት እናትማ ታለቅሳለች። ነገር ግን ያው ሸክም ለቀሩት 11 ሰዎች በሙሉ ቢከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከ11 ወደ 12 ብቻ ከፍ ይላል፤ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሳምንት መሆኑ ነው። በምላሹ እርሷ ከሌሎቹ ይልቅ የምሽቱን ፈረቃና የበዓል ዋዜማን ብትወስድ፣ አንድ ሳምንት የጨመሩትም ሰዎች የሚያገኙት ነገር ይኖራል። ይህ ሥሌት ከአንድ ወረቀት አያልፍም፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን ከሦስት ሌሎች የመስመር ኃላፊዎች ጋር መነጋገርን ስለሚጠይቅ ይሸሸዋል። እኔም በጊዜዬ ሸሽቼዋለሁ፤ ሕመምተኛዋን የጠቀምሁ መስሎኝ በጓደኞቿ ዘንድ ጠላት አድርጌ ያቆየኋት አንዲት ሠራተኛ ነበረች፣ ከሰባት ወር በኋላ ለቀቀች።

በደብዳቤሽ ላይ «ከሌሊት ነፃ አድርጉኝ» ብለሽ ብቻ አትተዪው። ድልድሉን በአባሪነት አያይዢው። አሠሪው ጫናው ከአቅሜ በላይ ነው እንዳይል የሚያደርገው ይኸው ወረቀት ነው።

ጠያቂ፦ ከቦርከና ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እንደገመትሽው በዚያ ሳምንት መድኃኒቱን ሦስት ሌሊት ዘልዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርሁት እርሱን ነበር። ሐኪሜ የጻፈልኝ ማስረጃ «ከሌሊት ሥራ ነፃ ሆና ሙሉ ሥራዋን መሥራት ትችላለች» ይላል። ደብዳቤውን ከነድልድሉ ማክሰኞ ዕለት አስገብቼ የገቢ ቁጥር አስፈርሜያለሁ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ግልባጩን ተቀብለው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያነሡት ነግረውኛል። መልቀቂያ አልጻፍሁም።

ሕፃን ያላትን ባልደረባዬን ግን ደብዳቤውን ከማስገባቴ በፊት ቤቷ ሄጄ አነጋገርኋት። መጀመሪያ በር ላይ አቆመችኝ። ያልሁትን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እኔ እኮ እርሱ ወዶሽ ነው ያስቀረሽ መስሎኝ ነበር» ብላ አለቀሰች፤ ቀጥላም የእርሷ የሌሊት ሳምንት ስንት እንደሚሆን ጠየቀችኝ። በወረቀቱ ላይ አሳየኋት። ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ የእርሷም ተራ እንዲቀንስ በድልድሉ ላይ ማከል ይቻል እንደሆነ እያሰብን ነው፤ የቀድሞው ሱፐርቫይዘር፣ ይህን እንዴት ብናሰላው እንደሚሻል ቢያሳዩን ሁለታችንም እዚሁ እንጠብቅዎታለን።

መልስ 5፦ የቀድሞ ሱፐርቫይዘር

ሁለታችሁም እህቶቼ፣ ሕፃን ያላት ለጊዜው ከሁለት የሌሊት ሳምንት አንዱን ብቻ ብትሠራ በ33 ሳምንታት ከ12 ይልቅ 6 ይደርሳታል፤ የቀሩትን ስድስት ሳምንታት ለአሥሩ ብትከፋፍሉት አራቱ ባሉበት 12 ይቆያሉ፣ ስድስቱ 13 ይሆናሉ። ስድስቱ እነማን እንደሚሆኑ ግን እናንተ አትወስኑ። በስብሰባው ላይ ዕጣ ይውጣ።